ድምፁ የሰው፣ እግሩ የራሷ፦ የሪታ ሄይዎርዝ ጉዳይ

በ1942 ዳንሰኛው ፍሬድ አስቴርና ተዋናይቷ ሪታ ሄይዎርዝ ለሁለተኛ የጋራ ፊልማቸው የሚለማመዱበት ቦታ አጡ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙን የሚሠራው የሆሊውዱ ኮሎምቢያ ስቱዲዮ ግቢ ጠባብ ነው፤ ያለው ክፍል ሁሉ ተይዟል። በመጨረሻ የተገኘላቸው፣ ሆሊውድ መካነ መቃብር ውስጥ ከጸሎት አዳራሹ በላይ ያለ ክፍል ሆነ። አስቴር በሕይወት ታሪኩ እንደሚያስታውሰው፣ ቀብር በመጣ ቁጥር ልምምዱ ይቋረጣል። ከታች ሐዘንተኛ ሲገባ ከላይ የጫማው ኳኳታ ዝም ይላል። ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበተን እንደገና ይጀመራል።

አስቴር በልምምድ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። ስለ ሪታ ሲጠየቅ ግን መልሱ አጭር ነው፦ ከምሳ በፊት ያሳያትን ዳንስ ከምሳ መልስ አንዲት እርምጃ ሳታዛንፍ ትሠራዋለች። እንደሷ ቶሎ የሚይዝ ሰው አላጋጠመኝም ይላል።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ከ30 ዓመት በኋላ ይህችው ሴት ሜክሲኮ ውስጥ ካሜራ ፊት ቆማ ቃለ ተውኔቱ ከአእምሮዋ እየጠፋባት፣ አንድ አንድ መስመር ብቻ እየተነገራት ስትቀረጽ እናገኛታለን። ስለ ሪታ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ስለ አምስቱ ባሎቿና ስለ ቀይ ጸጉሯ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። ይህች ተዋናይት ስሟም፣ ግንባሯም፣ ጸጉሯም፣ የምትዘፍንበት ድምፅም ሰው የሰጣት ነበር። በእርግጥ የራሷ የነበረው ያ ቶሎ የሚይዝ አእምሮዋና አእምሮዋ የሚያዘው እግሯ ነው። እሱ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ዓለም ሁሉ «ጠጥታ ነው» ብሎ አለፈው።

ካንሲኖ

ማርጋሪታ ካርመን ካንሲኖ ኦክቶበር 17 ቀን 1918 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደች። አባቷ ኤድዋርዶ ከሴቪያ አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ የመጣ ስፔናዊ ዳንሰኛ ነው። እናቷ ቮልጋ ሄይዎርዝ በዘመኑ ዝነኛ በነበረው የዚግፌልድ መድረክ የሠራች አሜሪካዊት ናት። የአባቷ አባትም የዳንስ መምህር ነበሩ። በዚህ ቤት ልጅ ዳንስ የሚማረው እኛ ጋ የገጠር ልጅ ከብት መጠበቅ እንደሚማረው ነው፤ «ትወጃለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በ1927 ቤተሰቡ ወደ ሆሊውድ ሄደ፤ ኤድዋርዶም የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ተማሪው ሳሳ። ኤድዋርዶ ወደ መድረክ መመለስ ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ አብራው የምትጨፍር ሴት ያስፈልገዋል። ዓይኑ ያረፈው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በሆናት በራሱ ልጅ ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ በዚያ ዕድሜ መጠጥ ቤት ውስጥ መሥራት ስለማይፈቅድላት አባትና ልጅ ድንበር ተሻግረው ሜክሲኮ፣ ቲኋና ይሠሩ ጀመር። ስፔናዊት እንድትመስል ቡናማ ጸጉሯ ጥቁር ተቀባ። ስለዚህ በኋላ ኮሎምቢያ ጸጉሯን ቀይ ሲያደርገው ለሪታ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለሥራ ሲባል ጸጉር መቀባትን ያስተማራት አባቷ ነው። ትምህርቷ ዘጠነኛ ክፍልን ሳታጠናቅቅ ቆመ።

የፎክስ ስቱዲዮ ኃላፊ ዊንፊልድ ሺሃን ስትጨፍር አይቷት አስፈረማት። ማርጋሪታም «ሪታ ካንሲኖ» ተባለች። በ1935 በወጡ ፊልሞች ውስጥ ካየናት አንዴ ግብፃዊት፣ አንዴ አርጀንቲናዊት ሆና ብቅ ብላ ትጠፋለች። ባለ ጥቁር ጸጉር ልጅ ስለሆነች የውጭ አገር ሰው በተፈለገ ቁጥር ትጠራለች፤ የአገሩ ልጅ ሲፈለግ ግን የሚያስታውሳት የለም። ከዚያ ፎክስ ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ አዲሱ አለቃ ዳሪል ዛነክ ለሷ ታስቦ የነበረውን ትልቅ ሚና ለሎሬታ ያንግ ሰጥቶ የሪታን ውል ሳያድስ ተወው። ገና አሥራ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ሄይዎርዝ

በ1937 ኤድዋርድ ጀድሰን የሚባል፣ ዕድሜው ከሷ እጥፍ የሚበልጥ ነጋዴ አገባች። ጀድሰን ባልም፣ ሥራ አፈላላጊም፣ አዛዥም ሆነ፤ አባቷ የያዘውን ቦታ ተረክቦ ቀጠለ ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የኮሎምቢያ ባለቤትና አለቃ ሃሪ ኮን የሰባት ዓመት ውል አስፈረማት።

ይህ የሰባት ዓመት ውል እንዴት እንደሚሠራ ካልታወቀ የቀረው ታሪክ አይገባም። ሰባት ዓመት የሚታሰረው ተዋናዩ ብቻ ነው። ስቱዲዮው በየጊዜው እያየ ካልፈለጋት ያሰናብታታል፤ እሷ ግን ካልፈለገች መሄድ አትችልም። የተሰጣትን ሚና «አልሠራም» ካለች ያለ ደመወዝ ትታገዳለች፤ የታገደችበትም ጊዜ በውሉ ላይ ይጨመራል። ሰባት ዓመት የነበረው ስምንት፣ ዘጠኝ ይሆናል። ይህን ያስቆመችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ናት፤ ዋርነር ብራዘርስን ከሳ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1944 ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያው ሰባት ዓመት ነው ብሎ ፈረደላት። ያ ሲሆን ሪታ ከፈረመች ሰባት ዓመት አልፏት ነበር።

ኮን በመልኳ አልረካም። ለሱ ዓይን ስፔናዊነቷ በዛ። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ዝቅ ብሎ የበቀለ ነበርና መወገድ አለበት ተባለ። መንገዱ ኤሌክትሮሊሲስ ነው፦ ቀጭን መርፌ ወደ አንዲት የጸጉር ሥር ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ሥሩ ይሞታል፣ ጸጉሯም ትነቀላለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው። እንደገና ወደሚቀጥለው። ግንባር የሚያህል ቦታ በዚህ ዓይነት አንድ አንድ እየተባለ ሲጸዳ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙ ወራት የፈጀና የሚያም ሥራ ነበር። ቀሪው ጸጉር ቀላ ያለ ቀለም ተቀባ። «ካንሲኖ» ወደቀና የእናቷ ቤተሰብ ስም «ሄይዎርዝ» ተተካ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ስፔናዊነቷን እንዲህ ለፍተው ካስጣሏት በኋላ ስሟን ካነሡት ፊልሞች አንዱ በ1941 ለፎክስ በውሰት የሠራችው፣ በቴክኒከለር ቀለም የተቀረጸው የኮርማ ተፋላሚ ታሪክ ነው። የተሰጣት ሚና ዶኛ ሶል ትባላለች። ስፔናዊት! ያውም ዛነክ በሚመራው፣ ውሏን ሳያድስ በተዋት ቤት።

ሪታን እንደ ምስኪን በግ ብቻ ማየት ግን አይዋጥልኝም። መርፌውን ችላ የተቀመጠችው እሷ ናት፤ ውጤቱንም አይታለች። በ1939 ሃዋርድ ሆክስ ከኬሪ ግራንት ጋር ባሠራት ፊልም ታወቀች፤ በ1941 ደግሞ ከጄምስ ካግኒ ጋር ሠርታ ጎልታ ወጣች። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ «ላይፍ» መጽሔት ቦብ ላንድሪ ያነሣትን ፎቶ አወጣ፤ አልጋ ላይ ተንበርክካ፣ የሐር የሌሊት ልብስ ለብሳ፣ ትከሻዋን ወደ ካሜራው መለስ አድርጋ ትታያለች። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ፎቶ ከወታደሩ ጋር ዘመተ፤ የሰፈሩና የመርከቡ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

የምንሰማው ማንን ነው?

የኛ ሙዚቃ ተመልካች ፕሌይባክ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ከቴፕ እየሰማ አፉን ያንቀሳቅሳል። የሪታ ከዚህ ይብሳል። አፏን የምታንቀሳቅሰው በሌላ ሴት ድምፅ ነው። ከአስቴር ጋር ስትሠራ የምንሰማው ናን ዊን ናት። በ1944 ከጂን ኬሊ ጋር በሠራችው ፊልም ማርታ ሚርስ፣ በ1946 አኒታ ኤሊስ፣ በ1950ዎቹ ጆ አን ግሪር። አራት ሴቶች አንድ ጉሮሮ ሆኑ። ሰው ግን ፊልሙን አይቶ ሲወጣ «ሪታ ስትዘፍን» ይላል፤ ስሙም ለሪታ፣ ትርፉም ለኮሎምቢያ ነው። የአራቱን ስም ያነሣ አልነበረም።

እስቲ በ1946 የወጣውን፣ ሪታ ጊልዳ የምትባል ሴት ሆና የሠራችበትን «ጊልዳ» የተባለ ፊልም ቀረብ ብለን እንየው። ታሪኩ ቦነስ አይረስ ያለ የቁማር ቤት ውስጥ ይካሄዳል፤ ዳይሬክተሩ ቻርልስ ቪዶር፣ ፕሮዲውሰሯ ቨርጂኒያ ቫን አፕ ናት። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ሴት እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ ብርቅ ነው። ሪታ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ዓመት አልሞላትም። ዣን ሉዊ የሰፋላት ጥቁር የሳቲን ቀሚስ ትከሻዋን ሙሉ በሙሉ ገልጦ ደረቷ ላይ ያለ ማንጠልጠያ ቆሟል። እጇ ላይ ከክርኗ በላይ የሚያልፍ ጥቁር ጓንት አለ። መብራቱ ያርፍባታል። ጓንቱን ከላይ ትይዝና እየጎተተች፣ እየጠቀለለች፣ ሳትቸኩል ታወርደዋለች። ከዚያ ታሽከረክረውና ትወረውረዋለች። የወለቀው ከጓንትና ከአንገት ጌጥ አያልፍም! ያኔ ፊልም የሚቆጣጠረው ደንብ ከዚህ በላይ አይፈቅድም፤ እሷ ደግሞ ከዚህ በላይ አላስፈለጋትም።

ድምፁ የአኒታ ኤሊስ ነው፤ እንቅስቃሴውን ያቀናበረው ጃክ ኮል ነው፤ ቀሚሱ የዣን ሉዊ ነው። ታዲያ የሪታ ምኑ ነው? ጊዜ አጠባበቁ። ዘፈኑ ላይ ትንሽ ዘግየት ብላ ትደርሳለች፤ ትከሻዋ ከበሮውን ሳይሆን ከበሮው ያለፈበትን ቦታ ይመታል። ይህ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲከማች የኖረ የሰውነት ዕውቀት ነው፤ ገዝተው አያስገቡት፣ ቀብተው አያመጡት። ትዕይንቱ የሚያልቀው አብሯት የሚተውነው የግሌን ፎርድ ገጸ ባሕርይ በጥፊ ሲመታት መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሁሉም የሚያስታውሰው ጓንቱን ነው።

ያወቅኋቸው ወንዶች ከጊልዳ ጋር ተኝተው ከእኔ ጋር ነቁ ብላ ለቫን አፕ እንደነገረቻት ይወራል። አባባሉ በየቦታው ከመጠቀሱ ብዛት ተልጧል። ቢሆንም አንድ ሚና የሰውየውን ስም ሲበላ እንዴት እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ የገለጸው አላየሁም።

ጊልዳ በወጣ በአራት ወር፣ ጁላይ 1 ቀን 1946፣ አሜሪካ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ቢኪኒ በሚባለው ደሴት የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ አደረገች። የቦምቡ አካል ላይ «ጊልዳ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የሪታም ምስል አለበት። ያኔ ሁለተኛ ባሏ የነበረው የፊልም ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ በኋላ እንደተናገረው፣ ሪታ ስትሰማ በንዴት ልታብድ ደረሰች። ዋሽንግተን ሄጄ ጋዜጠኞች ሰብስቤ እቃወማለሁ አለች። ኮን ከለከላት፤ አገር መክዳት ይመስልብሻል ተባለች። ስሙ የስቱዲዮው፣ ምስሉ የመጽሔት፣ ቦምቡ የመንግሥት። በመሐል የሷ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቀዳዳ አልነበረም።

የራሷን ለመያዝ

ከዌልስ ጋር አንድ ፊልም ሠርታለች፤ ያን ዝነኛ ረጅም ጸጉር አስቆርጦ ነጣ ያለ ወርቃማ አስቀባት። ኮን ጸጉሩን በራሱ ንብረት መዝገብ ላይ የጻፈው ይመስል እሳት ሆነ። ፊልሙ በጊዜው ገንዘብ አላመጣም፤ ዛሬ ግን የመስታወት ቤት ውስጥ የሚካሄደው የተኩስ ትዕይንቱ በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይታያል። ትዳሩም በዚያው ሰሞን ፈረሰ።

በ1947 ግን ሪታ ጋዜጦች እምብዛም ያላወሩለትን ነገር አደረገች። ከኮሎምቢያ ጋር እንደገና ስትደራደር ቤክዎርዝ የተባለ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች፤ ስሙ ከልጇ ከረቤካና ከራሷ ስም የተገጣጠመ ነው። በዚህ ውል ከፊልሞቿ ትርፍ ሩብ ይደርሳታል። ለ1940ዎቹ፣ ያውም ለሴት፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ፊልም በ1948 የወጣ የካርመን ታሪክ ነው። አባቷ ዳንሱን በማቀናበር አገዘ፤ ከዘመዶቿም ከካሜራው ፊት የቆሙ አሉ። በመርፌ የነቀሉት የካንሲኖ ቤት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ቀጥሎ የመጣው ልዑል ነው። በሜይ 1949 ደቡብ ፈረንሳይ ቫሎሪስ ከተማ የኢስማኢሊ ሙስሊሞች ኢማም የነበሩትን የአጋ ኻንን ልጅ አሊ ኻንን አገባች፤ በዓመቱ መጨረሻ ያስሚን ተወለደች። የዚያን ሠርግ ወሬ ለሌሎች ልተወው። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመን ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ፣ በሙያዋ ጫፍ ላይ ሳለች አራት ዓመት ያህል አዲስ ፊልም ሳይወጣላት ቀረ። ሁለተኛ፣ ያስሚን።

ትዳሩ ሳይሰምር በ1951 ተመለሰች። በ1952 ከግሌን ፎርድ ጋር እንደገና የሠራችው ፊልም ከጊልዳ የበለጠ ገንዘብ አስገባ፤ ተመልካቹ አልረሳትም ማለት ነው። ኮን ግን ቂሙን አልረሳም። እሷ ደግሞ አራተኛ ባሏ የሆነውን ዘፋኝ ዲክ ሄይምስን አግብታ በሱ ዕዳና ክስ ውስጥ ተነከረች፤ በ1955 ከኮሎምቢያ ጋር ፍርድ ቤት ቆመች። ቤክዎርዝም ፈረሰ። በዚህ መሐል ኮን ኪም ኖቫክ የምትባል ወጣት ይዞ ጸጉሯን ያስቀባት፣ ስሟን ያስለውጣት ጀምሮ ነበር፤ ማሽኑ ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛ ዕቃ ገባበት።

በ1957 ሁለቱን ሴቶች አንድ ፊልም ላይ ከፍራንክ ሲናትራ ጋር አገናኛቸው። ኖቫክ ልጅቷ ናት። ሪታ ዕድሜዋ የገፋው ሀብታም መበለት ናት። ሲናትራ የተወለደው በ1915፣ ሪታ በ1918! በሦስት ዓመት የምታንሰው ሴት በዕድሜ የገፋችው ሆና ቀረበች፤ ያኔ ገና 38 ዓመቷ ነው። ሲናትራ ግን አንድ ጨዋ ነገር አድርጓል፤ በፊልሙ ርዕስ ላይ የሷ ስም ከሱ ይቅደም አለ። ኮሎምቢያ የቆመው በሷ ነው ብሎ።

ኮን በ1958 ሞተ። በዚያው ዓመት ሪታ በአንድ የእንግሊዝ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እርጅናን የምትፈራ ቆንጆ ሴት ሆና ሠራች። ፊልሙ ለሰባት ኦስካር ታጭቶ ሁለት ወሰደ፤ የሷ ስም ግን ከዕጩዎቹ መሐል አልነበረም። በሕይወቷም አንድ ጊዜ እንኳ ለኦስካር አልታጨችም። በእኔ ግምት ጥሩ ትወናዋ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ሳትጨፍር፣ ሳትዘፍን፣ ፊቷ ላይ የደከመ ነገር እያሳየች የሠራችው።

«ጠጥታ ነው»

በ1971 በኒው ዮርኩ የትያትር መድረክ በብሮድዌይ ላይ የሎረን ባኮልን ሚና እንድትተካ ታሰበች፤ ቃሉን መያዝ አልቻለችም፤ ቀረ። በ1972 ሮበርት ሚቸም ወዳለበት ፊልም ሜክሲኮ ሄደች። መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት ይሄ ነው፦ አንድ መስመር ይነገራታል፣ ካሜራው ይነሣል፣ ትናገረዋለች፣ ይቆማል፤ ከዚያ የሚቀጥለው። ቀረጻውን የጨረሰችው የመጨረሻ ፊልሟ ይኸው ሆነ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ለሌላ ፊልም ፈርማ ቀረጻ ጀመረች፤ ሳትጨርስ ጥላ ሄደች። እሷን ተክታ የገባችው ማን ትመስላችኋለች? ኪም ኖቫክ።

በማርች 1974 ሁለቱ ወንድሞቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞቱ። በጃንዋሪ 1976 ለንደን ሂዝሮው አየር ማረፊያ ከአውሮፕላን ስትወርድ ፎቶ አንሺዎች ጠበቋት። ጸጉሯ ተበታትኗል፣ ዓይኗ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ዓይን ነው። ጋዜጦቹ ምስሉን ለዓለም በተኑት፤ የሚነበበው ትርጉም አንድ ብቻ ነበር። በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆስፒታል ገባች፤ ራሷን ማስተዳደር አልቻለችም ተብሎ ለጊዜው ሞግዚት ሲሾምላትም የመጠጥ ነገር ተነሥቶ ነበር።

መቼም መጠጣቷ ውሸት አይደለም። ጉዳዩን ያወሳሰበውም ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ ሐሰት የሆነ ስም ቢሰጣት ኖሮ የሆነ ሰው ይቃወመው ነበር። ግማሹ እውነት ሲሆን ግን ጥያቄው እዚያው ይዘጋል። ቃል ረሳች? ጠጥታ ነው። ተቆጣች? ጠጥታ ነው። ሰው አላወቀችም? መቼም ጠጥታ ነው። መልስ አለ ከተባለ ማን ይመረምራል?

ሐኪሞቹንም ለብቻ መውቀስ ይከብዳል። አሎይስ አልዛይመር የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ጉዳይ ያቀረበው በ1906 ነው፤ ሴትዮዋ ሕመሙ ሲጀምራት ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። በዚያ ምክንያት «የአልዛይመር በሽታ» የሚለው ስም ለአሥርት ዓመታት ሳያረጁ ለሚይዛቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ የተተወ ብርቅ ነገር ሆኖ ቆየ። አዛውንቱን የያዘው መርሳት ደግሞ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሮበርት ካትዝማን የተባለ የነርቭ ሐኪም ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው፣ ከታላላቆቹ ገዳዮችም አንዱ ነው ብሎ የጻፈው በ1976 ነው፤ ያ የሂዝሮው ፎቶ በተነሣበት ዓመት። የጭንቅላት ውስጥ ምስል የሚያነሣው ሲቲ ስካን ገና አዲስ ነበር። ሕያው ሰው ላይ በሽታውን በቀጥታ የሚያሳይ ምርመራ አልነበረም፤ ሌላውን ሁሉ እያስወጡ ወደሱ መድረስ እንጂ። የሪታ ችግር ደግሞ ከሚወጡት አንዱ፣ መጠጡ፣ አልወጣ ማለቱ ነው።

በሽታው የሚሠራበት መንገድ ከሷ ታሪክ ጋር ሲተያይ ያስደነግጣል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ነው። የድሮው ይቆያል፤ የዛሬ ጧቱ ይጠፋል። ለተዋናይ ማለት፣ የ1941 ዘፈን ይታወሳል፤ ትናንት ማታ የተጠናው ገጽ የለም። «ከምሳ በፊት አይታ ከምሳ መልስ» የተባለላት ችሎታ ማለትኮ አዲስ ነገር ቶሎ መመዝገብ ነው። መጀመሪያ የተሰበረውም ያው ነው።

እኛም ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። ጎረቤት እናት ቡና አፍልተው ሳያቀርቡ ሁለተኛ ጊዜ ሲቆሉ «ጃጁ» እንላለን፤ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ሲሆን ደግሞ መጠጥ ወይም ሰው አስነክቶት ነው እንላለን። ቃሉ ይለያይ እንጂ የሎንዶን ጋዜጣ ከሰፈራችን ብዙ አልራቀም።

ያስሚን

በ1980 በሽታው አልዛይመር መሆኑ ተለየ፤ በ1981 በይፋ ታወቀ፤ ፍርድ ቤትም ኃላፊነቱን ለሁለተኛ ልጇ ለያስሚን አጋ ኻን ሰጠ። ያስሚን እናቷን ኒው ዮርክ ወስዳ ከራሷ አፓርታማ አጠገብ አኖረቻት። በዚያ ዘመን ዝነኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ሕመም ይደብቃል። ልጅቷ ግን የእናቷን ስም ወስዳ ከበሽታው ስም ጋር አያያዘችው። ብዙ አሜሪካዊ «አልዛይመር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማው ከሪታ ሄይዎርዝ ስም ጋር ነው። የአልዛይመር ማኅበር ገና በ1980 የተመሠረተ ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሪታ ስም የሚዘጋጀው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድግስ ለምርምርና ለእንክብካቤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አመጣ። ስቱዲዮ የሠራው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተሰቡ ፈቃድ ሥራ ላይ ዋለ።

ሪታ ሜይ 14 ቀን 1987 በ68 ዓመቷ ማንሃተን ውስጥ አረፈች። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን፣ እሱም ከዚያው የፊልም መንደር የወጣ ነው፣ እሷና ቤተሰቧ ሕመሙን በግልጽ መናገራቸው ለሕዝቡ ታላቅ አገልግሎት ነው የሚል መግለጫ አወጣ። በኖቬምበር 1994 ራሱ ሬገን በእጁ የተጻፈ ደብዳቤ ለአሜሪካውያን አወጣ፤ ያው በሽታ እንደያዘው የሚገልጽ። እሱን ግን ጠጥቶ ነው ያለው አልነበረም።

ያ ከመቃብሩ ጸሎት አዳራሽ በላይ የተጠናው ዳንስ ዛሬም ይገኛል። ፊልሙ «ዩ ወር ኔቨር ላቭሊየር» ይባላል፤ የጄሮም ከርን ሙዚቃ ነው፤ «ሾርቲ ጆርጅ» የሚለው ክፍል ላይ ስትደርሱ ድምፁን ዝጉት። ዘፈኑ ዝም ይላል። የሚቀረው አስቴር ነው፤ ከጎኑም አንዲት ሴት፣ ግማሽ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ ሳትቀር፣ እግሩን ሳታይ፣ ወደ ፊት እያየች እየሳቀች።